ዝናቡን ማን ቆጠረው?

አጎቴ ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን ሲመጣ ለእማዬ ሽቶ፣ ለአባዬ ጫማ፣ ለእኔ ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ካርቶን ይዞ መጣ። እኔ ላፕቶፕ መስሎኝ ነበር (ልብ ወለድ ነው፣ ግን ሰው ተስፋ ማድረግ አይከለከልም)። ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች፣ አንድ ቀስት፣ አንድ ማጥለያ የሚመስል ነገር፣ ከዚያ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ስክሪን። «አንቺ ጋዜጠኝነት አይደል የተማርሽው? ዘገባውን ከራስሽ ጣሪያ ጀምሪ» አለኝና ሳቀ። የቤት ውስጥ የአየር ሁኔታ መለኪያ ነው፤ ያውም ሽቦ አልባ። ውጭ ያለው ክፍል በየጥቂት ሰከንዱ የለካውን በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፣ ስክሪኑ ሳሎን ቁጭ ብሎ ይቀበላል። መብራት ቢጠፋም ባትሪው አለ።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ቀን ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ከዲሹ አጠገብ አሰረልኝ። በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስክሪኑን ሳየው አዲስ አበባ 39 ዲግሪ ገብታለች። ግፊቱ ደግሞ 770 ይላል፤ የመመሪያ ወረቀቱ ላይ 980 እንኳን «ማዕበል» ነው። ስለዚህ በእኛ ሳሎን ስሌት አዲስ አበባ እንደ አፋር እየተቃጠለች፣ በዚያው ሰዓት የታሪክ ታላቁ አውሎ ነፋስ እየመታት ነበር ማለት ነው። ውጭ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ እማዬ በርበሬ አስጥታለች። የጎረቤታችን ጋሼ በአጥር አንገታቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ካሜራ ነው እንዴ የሰቀላችሁት?» አሉኝ። «አይ ጋሼ፣ ሙቀት የሚለካ ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ሙቀቱን እኔ ብጠየቅ አልነግርሽም ነበር?» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው የዚህን ፕላስቲክ ታሪክ ማገላበጥ የጀመርኩት። (ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ39 ዲግሪው እንጀምር። ጥፋቱ የመለኪያው አልነበረም፤ የኛ ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ ሲግል ከበላዩ ያለውን አየር ያግላል፣ እኔም የለካሁት የአዲስ አበባን ሙቀት ሳይሆን የቤታችንን ጣሪያ ነው። ይህን ስህተት ሰው ለረጅም ዘመን ሲሠራው ኖሯል። አንዱ ቴርሞሜትሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፣ ሌላው መስኮት ላይ፣ ሌላው ፀሐይ ላይ፤ ከዚያ ቁጥራቸውን ሲያስተያዩ አይገናኝም። መላ ያበጀው ቶማስ ስቲቨንሰን የሚባል የስኮትላንድ የመብራት ማማ መሐንዲስ ነው። በ1864 ጎኖቹ ሁሉ እንደ መስኮት ሸራ በተደራረቡ ዘንበል ያሉ ጣውላዎች የተሠራ ነጭ ሣጥን አስተዋወቀ። ነፋስ ያስገባል፣ ፀሐይና ዝናብ አያስገባም። ዛሬም በየሜትሮሎጂ ጣቢያው ሳር ላይ በእግር ቆሞ የምታዩት ነጭ ሣጥን እሱ ነው። (ሰውዬው የ«ትሬዠር አይላንድ» ደራሲ የሮበርት ልዊስ ስቲቨንሰን አባት ነው። ልጁ ዝነኛ ሆነ፣ የአባቱ ሣጥን ግን ከልብ ወለዱ በላይ አገር አዳርሷል።) እኔ ዘንድ ያለው ፕላስቲክ ላይ ተገልብጠው የተደራረቡ ነጭ ሳህኖች የሚመስሉት ያው የስቲቨንሰን ሣጥን ናቸው፤ ትንሽ ሆነው።

እናም አወረድነው። ግቢያችን ውስጥ ሳር ካለበት ጥግ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ተከልነው። ሙቀቱ ወዲያው ወደ 24 ወረደ፤ አዲስ አበባም አዲስ አበባ ሆነች። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ነፋስ መለኪያው ቆመ። ለካ ነፋስ በደንብ የሚለካው 10 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አጥርና ቤት በማይከልለው ቦታ ነው። የዝናብ መለኪያው ደግሞ ዝቅ ብሎ፣ ከዛፍና ከግድግዳ ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ መራቅ ይፈልጋል። ሦስቱን በአንድ ዱላ ላይ ማሰር ለሻጩ እንጂ ለአየሩ የተመቸ አይደለም። ከዚህ መሣሪያ ጋር መኖር ማለት የትኛው ቁጥር እንዲዋሻችሁ እንደምትፈቅዱ መምረጥ ነው። እኔ ነፋሱን ተውኩት፣ ዝናቡን መረጥኩ።

ግፊቱም ቢሆን አልዋሸም። ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ በ1643 በሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ገልብጦ ባሮሜትርን ሠራ፤ አየር ክብደት እንዳለው አሳየ። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1648፣ ፈረንሳዊው ፓስካል የእህቱን ባል ፔሪዬን «ቱቦውን ይዘህ ተራራ ውጣ» አለው። ፔሪዬም ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ ጫፍ ወጣ፤ በወጣ ቁጥር ሜርኩሪው ወረደ። ከላይ ያለው አየር ሲቀንስ ክብደቱም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ 770 ለእኛ ሰላም ነው። መመሪያው የተጻፈው ባሕር ዳር (ባሕር ዳርን ሳይሆን የባሕርን ዳር ማለቴ ነው) ለሚኖር ሰው ነው።

ይባስ ብሎ ስክሪኑ ላይ ያለችው የትንበያ ሥዕል በየቀኑ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ደመና ታሳያለች። በጋም ክረምትም። መጀመሪያ «ዋው፣ ታውቃለች» ብዬ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ በእኛ ወገብ አካባቢ የአየር ግፊት ዝናብ ኖረም አልኖረም በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ወደ አሥር ሰዓት ይወርዳል። መሣሪያዋ ግን ግፊት ሲወርድ ማዕበል መጣ ብላ የምታምን የሰሜን አገር ልጅ ናት። ያቺን ሥዕል አትመኗት። ቁጥሩን እዩ፣ ሥዕሉን እርሱት።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ወደ ዝናብ መለኪያው። ማጥለያ የሚመስለውን ክፈቱት፤ ውስጡ እንደ ሲሶ መጫወቻ ወዲህና ወዲያ የምትንጋደድ ሁለት ጎድጓዳ ማንኪያ አለች። አንዱ ማንኪያ ሲሞላ ይደፋል፣ ሌላው ይተካል። እያንዳንዷ መደፋት እኔ ዘንድ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ኮምፒውተሯ መቁጠር ብቻ ነው ሥራዋ። ይህን ዘዴ የነደፈው የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የሠራው ክሪስቶፈር ሬን ነው፤ በ1662። እንግዲህ አስቡት፤ በሬዲዮ ከሚያወራው ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ማንኪያ ተቀምጣለች። ኩባያዎቹም ቢሆኑ በ1846 አየርላንድ ውስጥ አርማ በሚባል ከተማ ቶማስ ሮቢንሰን የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ የሠራቸው ናቸው፤ ያኔ አራት ነበሩ፣ በኋላ ሦስት ሆኑ።

ሚሊ ሜትር ማለት ምንድን ነው ለምትሉ፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከዘነበ ሦስት ሺህ ሊትር ውሃ በአሸንዳው ሄደ ማለት ነው። በፈረቃ ውሃ ለምንጠብቅ ሰዎች ይህ ቁጥር ሲሰላ ያናድዳል።

ግን ዝናብን በመጀመሪያ የለካው ማን ነው? በእጃችን ካሉት የጥንት መለኪያዎች በደንብ የሚታወቀው የኮሪያው ነው። በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ በ1441፣ አንድ መጠን ያለው የዝናብ መለኪያ ተሠርቶ በየአውራጃው ታደለ። ለምን? ምርቱን ለመገመት፣ ምርቱን ገምቶም ግብር ለመጣል። ልብ በሉልኝ። ዝናብ መቁጠር የተጀመረው ለገበሬው ሲባል ብቻ አይደለም፤ ከገበሬው ምን ያህል መውሰድ እንደሚቻል ለማወቅም ነው።

ይህን ሳነብ ሌላ ቦታ ትዝ አለኝ። ካይሮ ውስጥ፣ በናይል መሐል ባለችው ሮዳ ደሴት ላይ፣ በ861 የተሠራ ጉድጓድ አለ። መሐሉ ላይ በክንድ የተሰነጠረ የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ውሃው በየክረምቱ እስከ የትኛው ምልክት እንደወጣ ይነበብ ነበር፣ የዓመቱ ግብርም በዚያ ይቆረጥ ነበር። የዓመታዊ ከፍታው መዝገብ ከዓምዱም ይቀድማል፤ ከ622 ጀምሮ አለ። በክረምት ናይልን የሚያስነሳው ውሃ በአብዛኛው የሚሄደው ከኛ ደጋ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜ። ስለዚህ የኢትዮጵያን ክረምት ከአሥራ ሦስት ክፍለ ዘመን በፊት ጀምሮ ዓመት በዓመት የጻፈልን መዝገብ አለ። ያለው ግን ካይሮ ነው። እኛ ዘነበልን፣ እነሱ ቆጠሩ።

በአገራችን መሬት ላይ ዝናብን በመሣሪያ ከለኩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጄምስ ብሩስ ነው፤ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊ። ጎንደር ተቀምጦ በ1770 እና በ1771 የሙቀት፣ የግፊትና የዝናብ መዝገብ ይዟል። ያኔ ጎንደር የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ናት፤ ሰው በአደባባይ የሚገደልበት፣ ጦር የሚወጣበትና የሚገባበት ጊዜ። እሱ ደግሞ በዚያ መሐል ጠዋት ማታ ቴርሞሜትሩን ያያል። መጽሐፉ በ1790 ሲታተም ብዙ ሰው ውሸታም ብሎታል፤ እኔ ግን ለዚያ ሰንጠረዥ ሲል ብዙ ነገር ይቅር እለዋለሁ።

እስካሁን የጠቀስኳቸው ነገሥታትና ተጓዦች ናቸው። ተራ ሰው በቤቱ መለካት የጀመረበት ታሪክ ግን በአንድ ማዕበልና በአንድ ያዘነ ሰው ይጀምራል።

ሮበርት ፊትዝሮይ ዳርዊንን ዓለም ያዞረችው የ«ቢግል» መርከብ አዛዥ ነበር። በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት አዲሱን የአየር ሁኔታ ክፍል ሰጠው። በጥቅምት 1859 «ሮያል ቻርተር» የምትባል መርከብ ከአውስትራሊያ ተመልሳ አገሯ ልትገባ ስትል በዌልስ ዳርቻ በማዕበል ተሰባበረች፤ 450 ገደማ ሰው አለቀ። ፊትዝሮይ ማዕበሉ አስቀድሞ በሌላ ዳርቻ ታይቶ እንደነበር፣ ቴሌግራፍም እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ከየወደቡ የባሮሜትር ንባብ በቴሌግራፍ መሰብሰብና ለመርከበኞች የማስጠንቀቂያ ምልክት ማውጣት ጀመረ። በነሐሴ 1861 በ«ታይምስ» ጋዜጣ ላይ ለሕዝብ የታተመ የመጀመሪያውን ዕለታዊ ትንበያ አወጣ። ከዚያ ምን ሆነ? ተሳቀበት። ሲያገኝ ዝም፣ ሲስት ሳቅ። ጋዜጣው ራሱ ያፌዝበት ነበር። ሳይንቲስቶቹም «ይህ ጥንቆላ ነው» አሉት። ጤናውም ገንዘቡም አለቀ፤ በሚያዝያ 1865 ራሱን አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ማስጠንቀቂያው ተቋረጠ። መልሱልን ብለው የጮኹት እነማን መሰሏችሁ? ዓሣ አጥማጆቹና መርከበኞቹ። በ1867 ተመለሰ። ቤታችን ሬዲዮ «ዝናብ ይኖራል» ሲል ጃንጥላዋን ቤት ጥላ የምትወጣ እኅት አለችኝ፤ ይህን ታሪክ ነግሬያት ትንሽ አፍራለች።

ፊትዝሮይ ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ ነበር፤ ጆርጅ ሳይመንስ። እሱ ስለ ነገ መተንበይ አላስጨነቀውም። የጠየቀው ትላንት ምን ያህል ዘነበ የሚለውን ነው። በ1860 የ168 ሰዎችን የዝናብ መዝገብ ሰብስቦ አሳተመ። ቄሶች፣ ሐኪሞች፣ አትክልተኞች፣ የቤት እመቤቶች… በየግቢያቸው መለኪያ ተክለው ጠዋት ጠዋት ወጥተው ይጽፋሉ፣ በዓመቱ ይልኩለታል። ክፍያ የለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ መለኪያውን የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። በ1900 ሲሞት ቁጥራቸው ከ3400 አልፎ ነበር። ዛሬ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ስለ ድርቅና ጎርፍ ሲከራከሩ የሚያገላብጡት እነዚያ ሰዎች በእጃቸው የጻፉትን ወረቀት ነው። አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ጆሴፍ ሄንሪ በስሚዝሶኒያን በ1849 በ150 ፈቃደኞች ጀመረ፣ በ1890 መንግሥት የፈቃደኞቹን ሥራ በሕግ አቋቋመ፣ እስከ ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በግቢያቸው ይለካሉ።

አሁን «ሽቦ አልባ» ወደሚለው ቃል። ይህ ቃል ከጦርነት ጋር ታሪክ አለው። በጥር 1930 ሩሲያዊው ፓቬል ሞልቻኖቭ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ከትንሽ ሬዲዮ ጋር አስሮ በፊኛ ሰደደ፤ መሣሪያው ሰማይ ላይ ሆኖ ንባቡን ላከ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት መጣ። በጦርነት ጊዜ የአየር ሁኔታ ምሥጢር ነው። አውሮፕላን ደመና ይፈራል፣ መርከብ ማዕበል። አውሮፓ ላይ የሚደርሰው አየር ደግሞ ከምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ነው የሚነሳው፤ ምዕራቡ በተባባሪዎቹ እጅ ሲሆን ጀርመን ነገ ምን እንደሚመጣ ሳታይ ቀረች።

ስለዚህ በጥቅምት 1943 «ዩ 537» የምትባል ሰርጓጅ መርከብ ካናዳ ላብራዶር ዳርቻ ድረስ ተደብቃ ሄደች። ወታደሮቹ በርሜል የሚያካክሉ ብረት ዕቃዎች በጎማ ጀልባ አውርደው ኮረብታ ላይ ሰው የማይነካው የአየር ሁኔታ ጣቢያ ተከሉ። ባትሪ አለው፣ 10 ሜትር አንቴና አለው፣ በየሦስት ሰዓቱ ሙቀትና ግፊት ይልካል። ሰው ቢያገኘው እንዳይጠረጥር «የካናዳ ሜትዮር አገልግሎት» ብለው ጻፉበት (እንዲህ የሚባል መሥሪያ ቤት አልነበረም)፣ ዙሪያውንም የአሜሪካ ሲጋራ ፓኮ በተኑበት። ጣቢያው ብዙም ሳይሠራ ዝም አለ። ግን የጀርመን መሆኑን ካናዳ በእርግጠኝነት ያወቀችው በ1981 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ 36 ዓመት ቆይቶ። አሁን ኦታዋ ውስጥ በጦርነት ሙዚየም ተቀምጧል። ፎቶውን አይቼ ከኛ ግቢ ያለው የልጅ ልጁ እንደሆነ ገባኝ። ጋሼ «ካሜራ ነው?» ማለታቸውም ያን ያህል አላሳቀኝም፤ ታሪክ ከእሳቸው ጋር ነው።

ከዚያው ጦርነት አንዲት ሴት ልጥቀስ። ሞሪን ፍላቪን ትባላለች፤ የአየርላንድ ምዕራብ ጫፍ ላይ ብላክሶድ በሚባል መንደር በፖስታ ቤት ረዳትነት ተቀጠረች። ስትመጣ ያልነገሯት ነገር፣ ሥራው ባሮሜትር ማንበብንም ይጨምራል። በ21ኛ ልደቷ ቀን፣ ሰኔ 3 ቀን 1944 በፈረንጅ፣ በሌሊቱ ተረኛ ነበረች። ግፊቱ በፍጥነት ሲወርድ አይታ እንደ ሁልጊዜው ላከች። ትንሽ ቆይቶ ስልክ ተደወለ፤ የእንግሊዝ ዘዬ ያላት ሴት «እባክሽ እንደገና አረጋግጪ» አለቻት። አረጋገጠች። ደግመው ደወሉ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም። የኖርማንዲው ዘመቻ ለሰኔ 5 የተቆረጠ ነበር፤ አይዘንሃወር በማዕበሉ ምክንያት ወደ 6 አዛወረው። እሷ ምን እንዳደረገች ያወቀችው በ1956 ነው። በታኅሣሥ 2023 በ100 ዓመቷ አረፈች። ለአገሯ ያደረገችው ነገር ቢኖር ቁጥሩን ሳታሳምር በሰዓቱ መጻፏ ነው።

ወደ ቤት ልመለስ። በእኛ አገር የሜትሮሎጂ ሥራ በ1950ዎቹ ከሲቪል አቪዬሽን ጥላ ሥር ነበር፤ ዋነኛ ደንበኛው አውሮፕላን ነው። ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በታኅሣሥ 1973 በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከ1965ቱ የወሎ ረሃብ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ከ1977ቱ ደግሞ አራት ዓመት አስቀድሞ። ጣቢያዎቹ በደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛ ደረጃው ብዙ ነገር ይለካል፤ አራተኛ ደረጃ የሚባለው ግን ዝናብ ብቻ ነው። አንድ መለኪያ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ሰው። ያ ሰው በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቶ ያነባል፣ ይጽፋል። እሑድም፣ ፋሲካም። ስለነዚህ ሰዎች ዘፈንም ሐውልትም አላየሁም። አገሪቱ ግን ትራራ፣ ቆላዋ ከደጋዋ በአንድ ቁልቁለት የሚለይ ናት፤ አንዱ ቀበሌ ዶፍ ሲወርድበት ጎረቤቱ አቧራ ይቅማል። ስንት መለኪያ ይበቃታል?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 በእኛ አቆጣጠር ድሬዳዋ ተኝታ ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው የሚሻገርበት። በዚያ ሌሊት ግን ከበላዩ ባለው ደጋ የወረደው ዝናብ ውሃውን ይዞ መጣ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው እማዬ በቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ መያዟን ነው። ከተማዋን የገደላት በከተማዋ ላይ የዘነበው ዝናብ ሳይሆን ሌላ ቦታ የዘነበው ነው።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሐምሌ 1997 በፈረንጅ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ኮሊንስ የምትባል ከተማም በጎርፍ ተመታች፤ አምስት ሰው ሞተ። ከጎርፉ በኋላ የዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ባለሙያዎች ሰዉን «ግቢያችሁ ባልዲም ብርጭቆም ቢሆን ምን ያህል ውሃ አገኛችሁ?» እያሉ ሲጠይቁ የከተማዋ ምዕራብ ጫፍ ላይ 368 ሚሊ ሜትር መዝነቡን፣ ምሥራቁ ላይ ግን 50 እንኳ አለመሙላቱን ደረሱበት። ያ ሁሉ ልዩነት በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ መደበኛ መለኪያዎቹ አላዩትም። በሚቀጥለው ዓመት ኖላን ዶስከን የሚባል ባለሙያ ተራ ሰዎችን በርካሽ የፕላስቲክ መለኪያ ማደራጀት ጀመረ፤ ሥራው ዛሬ መላ አሜሪካን አልፎ ካናዳ ገብቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ንጽጽር ነው። እዚያ አምስት ሰው ሞቶ በየግቢው መለኪያ ተተከለ። እዚህስ? ለድሬዳዋ ከተደረገው መሐል ግንቡን አውቃለሁ። እኛ፣ ነዋሪዎቹ፣ በእጃችን ምን ያዝን?

ዛሬ የግል መለኪያዎች ንባባቸውን ወደ ኢንተርኔት የሚልኩበት ካርታ አለ። ከ1995 ጀምሮ የሚታወቀውን ዌዘር አንደርግራውንድን ክፈቱት፤ አውሮፓና አሜሪካ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ተሸፍነዋል። ወደ እኛ ስትወርዱ ባዶ ነው፣ አልፎ አልፎ አንድ ነጥብ። መሣሪያው ለኪሳችን ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ አጎት የሌለው ምን ያድርግ?

የአክስቴ ልጅ መልስ አገኘ፤ ሃይላንድ። ጎኑ ቀጥ ያለ የውሃ ፕላስቲክ ትቆርጣላችሁ፣ የላይኛውን ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ትከቱበታላችሁ፣ ታቹ ጠማማ ስለሆነ ጠጠር ጨምራችሁ ውሃ እስከ አንድ ምልክት ትሞላላችሁ፤ ያ ምልክት ዜሮ ነው። ጎኑ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር። አለቀ። የተቆረጠው አፍና ታቹ እኩል ስፋት ካላቸው ማስመሪያው ላይ ያለው ሚሊ ሜትር እውነተኛ ሚሊ ሜትር ነው። ክፍት ቦታ ላይ አስሩት፣ ነፋስ እንዳይጥለው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንብቡ፣ ድፉት፣ እስከ ዜሮው ሙሉት። ሬን ቢያየው አያፍርበትም።

እሱ ለገጣፎ ነው የሚኖረው። በነሐሴ አንድ ሌሊት ቤታችን ላይ ዶፍ ወረደ፤ ቆርቆሮው ሲደበደብ አያቴ ተነስታ ቁጭ ብላ አደረች። እሷ ዝናብ ሲወርድ አትተኛም፣ ድሮም፤ ያልወረደባቸውን ዓመታት ታውቃለች። ጠዋት ስክሪኑ 42 ይላል። ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት፤ ከሃይላንዱ ፎቶ ጋር መለሰልኝ፣ 11። አንድ ከተማ የምንለው፣ አንድ ሌሊት፣ አራት እጥፍ ልዩነት።

ለአያቴ ነገርኳት። «እሱ ቤት አልዘነበም በያ» አለች። ዘንቧል አያቴ፣ 11። «11 ምንድን ነው፣ ካፊያ ነው» አለችና ደብተሬን ሳበች። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች። ከሰኔ ጀምሮ ያለውን በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ ሐምሌ 18 ላይ ስትደርስ ቆመች። ባዶ ነው። የዛን ቀን ባሕር ዳር ሄጄ ነበር፣ ማንም አልጻፈም፣ ስክሪኑም ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር።

«ይሄስ? አልዘነበም?»

አላውቅም አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እኔ ቤት ከሌለሁ የምትጽፈው እሷ ናት። ስክሪኑን አታምነውም። ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ሃይላንድ አስተክላለች።